ባለዕዳው ቄሳር

ቄሳር የሚለውን ስም ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰማነው ከወንጌል ነው፤ ለቄሳር ግብር ይከፈል አይከፈል ተብሎ ኢየሱስ የተጠየቀበት ቦታ ላይ። እዚያ ያለው ግን ጢባርዮስ ነው። ስሙን ለነዚያ ሁሉ ነገሥታት ያወረሰው ዋናው ሰውዬ፣ ጁሊየስ ቄሳር፣ የሞተው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ስለሱ ሲወራ ወይ ጦርነቱ ይነሳል፣ ወይ ክሊዮፓትራ ትነሳለች፣ ወይ አሟሟቱ። ኢኮኖሚክስ መማር ክፉ ልማድ ያስይዛል መሰለኝ፣ እኔ የሕይወት ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ዕዳው ላይ ነው።

ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚለው ቄሳር ገና አንድም የመንግሥት ሹመት ሳይዝ 1,300 መክሊት ተበድሮ ነበር። መክሊት ያው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የምናውቀው ነው። አንዱ መክሊት በግምት 6,000 ዲናር ይሆናል፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ክፍያ ያህል ነው። ስልካችሁ ላይ አባዙት፤ 7.8 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል። አንድ ሰው ሰንበትን እንኳን ሳያርፍ ከ21,000 ዓመት በላይ ሠርቶ ማለት ነው። ታዲያ ሹመት ለሌለው ወጣት ይህን ሁሉ የሚያበድር ሰው ጤነኛ ነው?

ጤነኛ ነው። የሮምን የሥልጣን አሠራር ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በዚያ ዘመን ሮም ንጉሥ የላትም። ሹማምንቱ በምርጫ ይመጣሉ፣ አንድ ዓመት ሠርተው ይወርዳሉ። ነገሩ መሰላል ነው። መጀመሪያ ሒሳብና ግምጃ ቤት የሚይዘው ኩዌስቶር አለ፤ ቢያንስ 30 ዓመት ሊሞላህ ይገባል፣ በዓመት 20 ሰው ይመረጣል። ቀጥሎ ከተማዋን፣ ገበያውንና በዓላቱን የሚመለከተው ኤዲል። ከዚያ ዳኝነት የሚቀመጠው ፕሬቶር፤ እነሱ 8 ናቸው። ጫፉ ላይ ቆንስል አለ። ዛሬ ቆንስላ ሲባል ትዝ የሚለን ቪዛ የምንጠይቅበት ቢሮ ነው፤ የሮም ቆንስል ግን ሴኔቱን የሚሰበስብ፣ ጦር የሚመራ፣ ሲንቀሳቀስ 12 አጃቢ ከፊቱ የሚቀድምለት የአገሩ የበላይ ነው። ሁለት ብቻ ናቸው። 20 ሰው ከታች ይገባል፣ 2 ሰው ከላይ ይወጣል። ደሞዝ ደግሞ ለአንዳቸውም የለም።

ደሞዝ በሌለው ሥራ ነው ሰው እንዲያ የሚፋጀው። ለምርጫው ድግስና ጉቦ ታወጣለህ፤ ኤዲል ስትሆን ሕዝቡ የሚያየውን ትርዒት ከኪስህ ጨምረህ ታዘጋጃለህ። ገንዘቡ የሚመለሰው ፕሬቶር ወይም ቆንስል ሆነህ ዓመትህን ስትጨርስ ነው። ያኔ ከጣሊያን ውጭ አንድ ግዛት ተሰጥቶህ ገዥ ሆነህ ትሄዳለህ፤ እዚያ ጦሩም ፍርዱም በእጅህ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረታችንን ሮማውያን ባይሰሙትም በደንብ ኖረውበታል። ሲሲሊን ለ3 ዓመት የገዛው ቬረስ፣ ከሳሹ ሲሴሮ እንደተናገረው፣ በጀቱን አስቀድሞ ደልድሎ ነበር፤ የአንድ ዓመት ዘረፋ ለራሱ፣ የአንዱ ለጠበቆቹ፣ የአንዱ ለዳኞቹ።

ቄሳር የተወለደው በ100 ነው። (ዓመቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆኑ እየቀነሱ ነው የሚሄዱት፣ እንዳትደናገሩ።) ቤተሰቡ ዘሩ የተከበረ፣ ኪሱ ግን ሳሳ ያለ ነበር። ገና በ18 ዓመቱ ገደማ አምባገነኑ ሱላ ሚስቱን እንዲፈታ ሲያዘው እምቢ ብሎ ተደብቋል። በሃያዎቹ ዕድሜው የባሕር ወንበዴዎች ይዘውት 20 መክሊት ቢጠይቁበት ዋጋው አንሶብኛል ብሎ ራሱ ወደ 50 ከፍ አደረገው። ልጁ ስለ ብድርና ስለ ራሱ ዋጋ ያለው አመለካከት ከዚያ ይጀምራል። ሲለቀቅ መርከብ አሰባስቦ ሄዶ ያዛቸውና አሰቀላቸው።

በ69 ኩዌስቶር ሆኖ ወደ ስፔን ሄደ፤ በ65 ኤዲል ሆነ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ከሞተ 20 ዓመት ያለፈውን አባቱን ምክንያት አድርጎ፣ እንደ ተዝካር ልትቆጥሩት ትችላላችሁ፣ 320 ጥንድ ግላዲያተር አሰለፈ። ሌሎቹን ትርዒቶች ባልደረባው ቢቡሉስ አብሮት ከፍሏል፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ቄሳር ብቻ ነው። ቢቡሉስን አስታውሱት፣ ይመለሳል።

በ63 የሊቀ ካህናትነቱ ወንበር ተለቀቀ። ወትሮ የሽማግሌዎች ቦታ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው ባለጸጋው ካቱሉስ፣ ቄሳር ባለዕዳ መሆኑን ስለሚያውቅ ውድድሩን እንዲተውለት ገንዘብ ላከበት። ቄሳር ገንዘቡን ትቶ ሌላ ተጨማሪ ተበደረ። የምርጫው ዕለት ከቤት ሲወጣ፣ ዛሬ ወይ ሊቀ ካህናት ሆኖ ወይ ስደተኛ ሆኖ እንደሚያገኙት ለእናቱ ነግሯት ነው የሄደው። አሸነፈ። ይህ በብድር የተገኘ ወንበር ኋላ የዘመን አቆጣጠሩን ለማስተካከል መብት ሰጠው። በ46 አንዱን ዓመት 445 ቀን አድርጎ የተዛባውን አቃና፤ በ4 ዓመት አንድ ቀን እንዲጨመርም አዘዘ። ያማከረው የእስክንድርያው ሶሲጌኔስ ነበር። የእኛም ጳጉሜን በ4 ዓመት አንዴ 6 የምትሆነው በዚሁ ስሌት ነው፤ ሥሩም ወደዚያው ወደ ግብፅ ይሄዳል።

በ62 ፕሬቶር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ስፔንን ሊገዛ ሲነሳ አበዳሪዎቹ መንገድ ዘጉበት፤ ሳትከፍል አትወጣም አሉት። ያስለቀቀው የሮም ሀብታም ክራሱስ ነው፤ ለ830 መክሊት ዋስ ሆነለት። ከደግነት አልነበረም። ክራሱስ ከጄኔራል ፖምፔይ ጋር ፉክክር ላይ ስለነበር እንደ ቄሳር ያለ ሰው ያስፈልገው ነበር።

ከስፔን ሲመለስ ዕዳው ቀለል ብሎለታል፤ የድል ሰልፍም ተፈቅዶለታል። ግን ሕጉ አጣብቂኝ ውስጥ ከተተው። ሰልፉን የሚጠብቅ የጦር አዛዥ ከከተማዋ ውጭ መቆየት አለበት፤ ለቆንስልነት የሚወዳደር ደግሞ ራሱ ገብቶ መመዝገብ አለበት። በሌለበት ልመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ጠላቱ ካቶ ሴኔት ውስጥ ቀኑ እስኪመሽ እየተናገረ ጉዳዩን ገደለው። ሮማዊ ሁሉ የሚመኘውን ሰልፍ ትቶ ገባና የ59 ቆንስል ሆነ። ሁለተኛው ቆንስል? ቢቡሉስ! ምስኪን፤ ዓመቱን የጨረሰው እቤቱ ተዘግቶ፣ ሰማዩ ላይ መጥፎ ምልክት አየሁ እያለ መልእክት በመላክ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በዚያው ዓመት ቄሳር የግዛት ገዥዎችን ዘረፋ የሚከለክል ጥብቅ ሕግ ማውጣቱ ነው።

ከዚያ ጎል ሄደ፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ ማለት ነው። በ8 ዓመት ጦርነት ባለዕዳው አበዳሪ ሆነ። ጣሊያን ውስጥ የወርቅ ዋጋ እስኪወርድ ድረስ ወርቅ አመጣ፤ አቅርቦት ሲበዛ ምን እንደሚሆን አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ነው። ግን ያ ወርቅ ከየት መጣ? ቄሳር ስለ ዘመቻው ራሱ መጽሐፍ ጽፏል። በ57 የአንድ ነገድ ከተማ ይዞ ነዋሪውን በጅምላ ለነጋዴ መሸጡን፣ ገዢዎቹ የነገሩት ቁጥርም 53,000 መሆኑን እዚያ ያስቀምጣል፤ ያለ ምንም ማስተዛዘኛ፣ እንደ ደረሰኝ። የ320 ጥንድ ግላዲያተር ሒሳብ የተዘጋው በነዚህ ሰዎች ነው። ፊልሞቹ ላይ ይህ ትዕይንት የለም።

በ50 ሮም ውስጥ ኩሪዮ የሚባል ዕዳ ያናወዘው ወጣት ፖለቲከኛ ነበር። ቄሳር ዕዳውን ከፈለለትና የራሱ ሰው አደረገው። ክራሱስ የሠራለትን እሱም ለሌላ ሠራ።

ችግሩ መውረዱ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው አይከሰስም፤ ወርዶ ተራ ዜጋ ሲሆን ግን ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ካቶ እከሰዋለሁ ብሎ ምሏል። ቄሳር የፈለገው ከገዥነት በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ቆንስልነት መዝለል ነበር። ሴኔቱ ጦርህን በትን አለው። በ49 ጥር ላይ ከአንድ ክፍለ ጦር ጋር ሩቢኮን የምትባለውን ትንሽ ወንዝ ተሻገረ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ።

ሲያሸንፍ ባለዕዳው ሁሉ ዕዳችንን ይሰርዝልናል ብሎ ጠበቀ። ማን ከሱ በላይ ያውቃል? እሱ ግን አልሰረዘም። አበዳሪዎች ንብረት ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዋጋ እንዲቀበሉ፣ የተከፈለ ወለድም ከዋናው እንዲቀነስ ወሰነ፤ በዚህ ከዕዳው ሩብ ያህሉ ተነሳ። በነፃ እህል የሚወስዱትንም ከ320,000 ወደ 150,000 አወረዳቸው። ይህን ሳነብ የቄሳር ጠላቶች እንደሚሉት ዝም ብሎ ገንዘብ የሚበትን ሰው አልመሰለኝም። ሒሳቡን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

መሰላሉ ግን ተሰበረ። ኩዌስቶሮቹን 40፣ ፕሬቶሮቹን 16 አደረሰ፤ ብዙ ሰው ይሾማል፣ ሹመቱ ግን ከሱ እጅ ይወጣል። በ45 የመጨረሻ ቀን አንዱ ቆንስል ጠዋት ሞተ፤ ቄሳር ለቀሩት ሰዓታት ሌላ ሰው ቆንስል አደረገ። ሲሴሮ በዚህ ቆንስል ዘመን ቁርስ የበላ ሰው የለም ብሎ ቀለደ፤ ቀልዱ ግን የሚያስለቅስ መሆኑንም ጨምሯል። በ44 መጀመሪያ ቄሳር የዕድሜ ልክ አምባገነን ተባለ። ያ ሹመት ወትሮ ቢበዛ ለ6 ወር የሚሰጥ ነበር።

መጋቢት 15 ቀን ሴኔት ውስጥ 23 ቦታ ተወግቶ ሞተ። ከገዳዮቹ መሪዎች ብሩተስና ካሲየስ የዚያ ዓመት ፕሬቶሮች ነበሩ፤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጣቸውም እሱ ነው።

ኑዛዜው ሲከፈት ለእያንዳንዱ የሮም ዜጋ 300 ሴስተርስ፣ ማለትም 75 ዲናር፣ ትቶ ተገኘ። ወራሹ የእህቱ የልጅ ልጅ ኦክታቪያን ነው። ገንዘቡን ግን ማርክ አንቶኒ ይዞ አልለቅም አለ። ስለዚህ ልጁ የራሱን፣ የእናቱንና የእንጀራ አባቱን ንብረት ሳይቀር እየሸጠ የአጎቱን ኑዛዜ ለሕዝቡ መክፈል ጀመረ። ያኔ 18 ዓመቱ ነበር፤ በሕጉ መሠረት ኩዌስቶር ለመሆን እንኳን 12 ዓመት ይቀረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ቆንስል ሆነ።