ስደተኛው ነቢይና የሚሄደው ዙፋን

በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኅዳር 6 ቀን እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ያረፈችበት የግብፁ የቁስቋም ተራራ ይታሰባል። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 8፣ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙት የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ነው። በዓላቱን ጎን ለጎን ስናይ፣ እነዚህን እንስሳ በራእይ ያየው ሕዝቅኤል ራሱም ስደተኛ እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

ሕዝቅኤል የካህኑ የቡዝ ልጅ ነው። በ597 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የባቢሎን ንጉሥ የይሁዳን ንጉሥ ሲማርክ፣ እርሱም አብሮ ተማረከ። መቅደስ ሊያገለግል የተወለደው ሰው መቅደስ በሌለበት አገር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ተቀመጠ። በአምስተኛው የስደት ዓመት ሰማይ የተከፈተለት በዚያ ነው።

ያያቸው እንስሳ የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬና የንስር ገጽ ነበራቸው። ቅዱስ ኢሬኔዎስ በእነርሱ አራቱን ወንጌላውያን አየ፤ ቅዱስ ሄሮኒሞስም ሰውን ለማቴዎስ፣ አንበሳን ለማርቆስ፣ በሬን ለሉቃስ፣ ንስርን ለዮሐንስ ሰጠ። በአገራችን ትውፊት ደግሞ ስለ ሰው፣ ስለ አራዊት፣ ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ የሚለምኑ ናቸው።

እኛ ግን በመንኮራኩሮቹ ላይ ጥቂት እንቆይ። ዙፋን ጸንቶ የሚቆም ነገር ነው፤ ይህ ግን ዐይን በሞላባቸው መንኮራኩሮች ወደ አራቱም ማዕዘን ይሄዳል። ምርኮኞቹ አምላካቸውን በኢየሩሳሌም ትተውት የመጡ መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ቀድሟቸው በባቢሎን ተገኘ።

ይህን ማወቁ ነቢዩን ከመከራ አላዳነውም። የሚወዳት ሚስቱ በድንገት ሞተች፤ ለሕዝቡ ምልክት ይሆን ዘንድም እንዳያለቅስላት ታዘዘ። በ587 ገደማ መቅደሱ ተቃጠለ። በስደቱ በ25ኛው ዓመት ግን የጌታ ክብር በምሥራቁ በር ወደ አዲስ መቅደስ ሲመለስ አየ፤ በሩም ከዚያ በኋላ ተዘግቶ ኖረ። አበው ይህን በር የእመቤታችን የዘላለም ድንግልና ምሳሌ አድርገው ተረጐሙት።

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን በ1755፣ የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን በ1769 እ.ኤ.አ. አጥተው፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚሁ ደብር በኀዘን አሳለፉ። ለእርሳቸው ማልቀስ አልተከለከለም፤ ለእኛም አልተከለከለም። የተከለከለን፣ ከቤታችንና ከወዳጆቻችን ስንለይ እግዚአብሔርም ወደ ኋላ ቀርቷል ብለን ማሰብ ነው።