የፕሬዚዳንት ዡሴሊኖ ኩቢቼክ የሕይወት ታሪክ

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ ጦር መንግሥት ለመገልበጥ በተነሣ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ እንደ ነበሩ አያቶቻችን ያስታውሳሉ። የተቀበሏቸው የብራዚል ፕሬዚዳንት ማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኒህ ሰው የአገራቸውን መናገሻ ከባሕር ዳር አንሥተው ወደ መሐል አገር ያዛወሩት ዡሴሊኖ ኩቢቼክ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኩቢቼክ በ1902 በሚናስ ዤራይስ ክፍለ ሀገር፣ ዲያማንቲና በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው በአስተማሪነት ደመወዝ አሳደጓቸው። ከዚያም ወደ ቤሎ ኦሪዞንቴ ሄደው በቴሌግራፍ ቤት ተቀጥረው እየሠሩ ሕክምና ተማሩ፤ በ1927ም ሐኪም ሆኑ። ይህች ከተማ ራስዋ የክፍለ ሀገሩን መሥሪያ ቤቶች ከአሮጌዋ ከኦሩ ፕሬቱ ለመቀበል በፕላን ተሠርታ በ1897 የተመረቀች ነበረች። ስለዚህ ወጣቱ ኩቢቼክ የተዛወረ መንግሥት እንዴት አዲስ ከተማ እንደሚያቆም በዓይናቸው አዩ።

በኋላም የዚያች ከተማ ከንቲባ፣ ቀጥሎም የክፍለ ሀገሩ ገዢ ሆኑ። በዚያን ዘመን የብራዚል ሕዝብና ሀብት በባሕሩ ጠረፍ ተከማችቶ መሐል አገሩ በቂ መንገድ እንኳ አልነበረውም። በ1891 የወጣው ሕገ መንግሥት መናገሻው ወደ መሐል አገር እንዲዛወር ቢያዝም ነገሩ ከ60 ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። በ1955 ኩቢቼክ ለምርጫ ሲዘዋወሩ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ ይህን ትእዛዝ ይፈጽሙ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም እፈጽማለሁ ብለው ቃል ገቡ።

በ1956 ሥልጣን እንደ ያዙ ሥራው ተጀመረ። የከተማውን ፕላን ሉሲዮ ኮስታ፣ ታላላቅ ሕንፃዎቹን ኦስካር ኒማየር ነደፉ። በመጀመሪያ መንገድ ስላልነበረ ዕቃው በአውሮፕላን ይጓጓዝ ነበር። ከድኻው የሰሜን ምሥራቅ አገር የመጡ ሠራተኞች ሌትና ቀን ደከሙ። ብራዚሊያም ሚያዝያ 21 ቀን 1960 ተመረቀች።

ሕንፃ ማቆሙ ቢሳካም ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ማዛወሩ ከባድ ሆነ። በሪዮ ዴ ጄኔሮ ቤቱንና ዘመዱን ይዞ የኖረ የመንግሥት ጸሐፊ ቀይ አቧራ ወደሚቦንበት ሜዳ ሂድ ሲባል ልቡ አልፈቀደም። መንግሥት ለሚሄዱት ደመወዙን እጥፍ አደረገ፤ እንዲያም ሆኖ ብዙዎች ቤተሰባቸውን በሪዮ ትተው ይመላለሱ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንኳ የተዛወረው በ1970 ነው። ወጪው የአገሩን ዕዳ አበዛ፤ ኑሮም ተወደደ። ከተማውን በላባቸው ያቆሙት ድኾች ደግሞ በፕላኑ ውስጥ ስፍራ ስላልተገኘላቸው ከከተማው ውጭ ሰፈሩ።

ኩቢቼክ በ1961 ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በ1964 ወታደሮች መንግሥቱን ሲይዙ የፖለቲካ መብታቸው ተገፎ ተሰደዱ። በ1976 በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ዐፅማቸው ያረፈው ባቆሟት ከተማ ነው። ያ ባዶ የነበረ ሜዳ በ2022 ቆጠራ ከነአካባቢው ከ2,800,000 በላይ ሕዝብ ተቆጥሮበታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ኩቢቼክ በዓላማቸው አልተሳሳቱም፤ ጥድፊያቸው ግን የሠራተኛውንና የድኻውን ኑሮ አስከትሎ አልሄደም። እኛም ነገ ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ ሩቅ አውራጃ የምንመደብ ብዙዎች ነን። ያን ጊዜ አገር የምትለማው በመናገሻዋ ብቻ አለመሆኑን አስበን ሳናጉረመርም እንሂድ። ከመካከላችን ለአለቅነት የሚበቃም ቢኖር፣ ሰውን ሂድ ከማለቱ በፊት የሚያድርበትን ቤትና ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያዘጋጅ።