ከዐይን ሕክምና ወደ አንጐል ጥልቀት፦ የዋልተር ሄስ ሕይወት

ጥሩ ገቢ ያለውን ሥራ ስለ አንድ ጥያቄ ብሎ የሚተው ሰው ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ዋልተር ሩዶልፍ ሄስ ነበር።

ሄስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የፊዚክስ መምህር ስለ ነበር ልጁ ሙከራ ማድረግን ከእሱ ተማረ። ሕክምና አጥንቶ የዐይን ሐኪም ሆነ፤ በሽተኛው በዛለት፣ ገቢውም ደረጀ። ነገር ግን ልቡ በፊዚዮሎጂ ትምህርት ላይ ነበርና በ1912 ክሊኒኩን ትቶ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ተቀጠረ። በ1917 የፊዚዮሎጂው ተቋም ኀላፊ ሆነ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና እንቅልፍን እኛ ሳናዝዝ የሚያስተባብራቸው ምንድን ነው? መልሱ ከአንጐል ሥር እንዳለ ይገመት ነበር። ወደዚያ ጥልቀት ለመድረስ ግን አንጐልን መቁረጥ ግድ ይመስል ነበር፤ የተቆረጠ ወይም የደነዘዘ እንስሳ ደግሞ ስለ ተፈጥሮ ጠባዩ የሚያሳየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሄስ ሌላ ዘዴ አወጣ። ድመቲቱን አደንዝዞ ከጫፋቸው በቀር የተሸፈኑ እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎች በአንጐሏ ውስጥ ተከለ። ከነቃችና እንደ ልቧ መንቀሳቀስ ከጀመረች በኋላ ደካማ ኤሌክትሪክ ሰደደ። አንዱ ስፍራ ሲነካ የተረጋጋችው ድመት ፀጉሯን አቁማ፣ ጥፍሯን አውጥታ ትቆጣለች፤ ሌላው ስፍራ ሲነካ ማረፊያ ፈልጋ፣ ተጠቅልላ ትተኛለች። ይህን ሁሉ በፊልም ያነሣ ነበር። በመጨረሻም አንጐሉን በስሱ እየቆራረጠ የሽቦው ጫፍ የነበረበትን ስፍራ በማይክሮስኮፕ ይለይ ነበር። ፊልሙን ከቁራጩ ጋር ማዛመድ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት።

በ1949 ሄስ የኖቤልን ሽልማት ከፖርቱጋላዊው ሐኪም ከኤጋስ ሞኒዝ ጋር ተካፈለ። ሞኒዝ በ1935 የጀመረው ቀዶ ሕክምና የአእምሮ ሕሙማንን የአንጐል ክሮች የሚቆርጥ ነበር። የተቆረጠው ስለማይመለስ ብዙ ሰው ተጎድቶበት ኋላ ተተወ።

የሄስ መንገድ ግን አልተዘጋም። በ1987 የፈረንሳዩ ሐኪም ቤናቢድና ጓደኞቹ በግረኖብል ከተማ በሚንቀጠቀጡ ሕሙማን አንጐል ውስጥ ሽቦ ተክለው፣ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት መንቀጥቀጡን እንደሚገታ አሳዩ፤ የማይስማማ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ይቻላል። በ2017 ደግሞ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የአይጥን የራስ ቅል ሳይከፍቱ በሴኮንድ 2000 እና 2010 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞገዶችን ከውጭ ላኩ። የአንጐል ሴሎች እንዲህ ያለውን ፍጥነት አይከተሉም፤ ሞገዶቹ በጥልቀት በሚገናኙበት ስፍራ ግን ለልዩነታቸው፣ ማለት ለ10ሩ ምት፣ መልስ ሰጡ።

ሄስ በ1973 ስለ ሞተ ሁለቱንም አላየም። እኛ ግን ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ ሁለት ነገር እናስብለት፦ በ1912 የተወውን ገቢና፣ ሳይሰብሩ ለመጠየቅ የከፈለውን ትዕግሥት።