ድምፅን በሽቦ የላኩት፣ ድምፃቸውን ያጡት ንጉሥ

ቀራንዮ ከታክሲ ስትወርዱ መንገዱ ዳር የሞባይል ጥገና ሱቆች አሉ። የአንዳችን ስክሪን ተሰንጥቆ እዛ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከፊታችን አንዲት እናት ነበሩ። የያዙት ስልክ ቴክኖ ነው፤ መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሏል። ጠጋኙ ልጅ ሒሳቡን ነግሯቸው፣ ትንሽ ጨምረው አዲስ ቢገዙ እንደሚሻል መከራቸው። እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ብር አልነበረም። ስልኩን ለምደውታል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የቷን ምስል ሲነኩ ኢሞ እንደሚከፈት፣ የልጃቸው ፎቶ የት ጋ እንዳለ፣ ማይክራፎኗን ተጭነው አውርተው ጣታቸውን ሲያነሱ ድምፃቸው ቤይሩት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ሌላ ስልክ ላይ እነዚህ ምስሎች ቦታ ቢቀያይሩስ? ያኔ ከልጃቸው ተቆራረጡ ማለት ነው።

ትላልቆቹ የስልክ ድርጅቶች የደንበኛ ታማኝነት እያሉ ስንት ገንዘብ የሚያፈሱበት ነገር በቃ ይቺ ናት። ማስታወቂያ አይደለም፣ ካሜራም አይደለም። ጣት የለመደው መንገድ ነው።

ቤት ከገባን በኋላም ነገሩ አልለቀቀንም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሚጠቀምበት መሣሪያ፣ ድምፅ ብቻ የሚበቃው መሣሪያ፣ እዚህ አገር ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንከተለው ስንከተለው አጼ ምኒልክ ጋ ደረስን። ስለዚህ ዛሬ የሳቸውን ሕይወት እናወጋችኋለን፤ በስልኩ በኩል የሚታየውን። ምኒልክ በተነሱ ቁጥር ጎራ ለይታችሁ የምትጣሉ ወዳጆቻችን ለዛሬ ብቻ ታገሱን። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እንነግራችኋለን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና አሥራ አንድ አካባቢ ነበሩ፤ የአጼ ቴዎድሮስ ጦር ማረካቸውና ወሰዳቸው። መቅደላ ላይ በግዞት አደጉ። ግዞት ይባል እንጂ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው የያዟቸው፤ ሴት ልጃቸውንም ድረውላቸዋል። ወቅቱ ደግሞ ቴዎድሮስ ፈረንጅ ባለሙያዎችን ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ነበር። አገርን በእጅ ሥራና በብረት መለወጥ የሚለው ሐሳብ ምኒልክን ያገኛቸው በዚህ ዕድሜ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ነገሡም።

የመሣሪያ ነገር አይሆንላቸውም ነበር፣ ካዩ መንካት ነው። የጎበኟቸው የውጭ ሰዎች ደጋግመው የጻፉት ይሄንኑ ነው፤ ሰዓት ይሁን ጠመንጃ ይሁን የመጣውን ዕቃ ፈትተው ውስጡን ካላዩ አይረኩም። በፈረንጅ 1879 ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲመጣ መጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሠራ እንደሆነ ይተረካል። ጫማው አማረ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ። ኢልግ ከአውሮፓ መግዛት እንደሚረክስ ቢያስረዳም አልሰሟቸውም። የፈለጉት ዕቃውን ብቻ አይደለማ፣ እዚህ መሠራት መቻሉን ነው።

እግረ መንገዳችንን፦ ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የምትዞር አንዲት ተረት አለች። ምኒልክ ሞት የሚፈረድበት የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አዝዘው፣ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የምትለው። ማስረጃ የላትም። ሼር አታድርጓት።

ስልክ ወደ አገራችን የገባበትን ሲተርኩ ብዙዎች የሚጀምሩት ከራስ መኮንን ነው። መኮንን በ1882 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ጣሊያን ተልከው ሲመለሱ መሣሪያውን እንዳመጡት ይነገራል። ግቢ ውስጥ ተሞከረ። ከዛ በኋላ የሆነውን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ሰው በሌለበት ድምፅ ሲሰማ ካህናቱና መኳንንቱ ደነገጡ፣ የሰይጣን ሥራ ነው ተባለ፣ ይቃጠል ተባለ። ምኒልክ ግን አልተዉትም።

እኛ ይሄ ታሪክ በተለምዶ የሚነገርበት መንገድ ትንሽ ይከነክነናል። ካህናቱ ላይ ይሳቃል፣ ንጉሡ ይወደሳሉ፣ ያልቃል። ግን እኮ ፍርሃቱ የቂል ፍርሃት አልነበረም። አካል የሌለው ድምፅ ከዛ በፊት ማን ሰምቶ ያውቃል? ዛሬም እናቶቻችን አዲስ ስልክ ሲሰጣቸው ያጠፋሁት መስሎኝ እያሉ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ የሚያሸሹት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አንድን ዕቃ ሰው የሚለምደው ሲታዘዝ አይደለም፤ የሚያምነው ሰው ፊቱ ሲጠቀምበት ነው። ምኒልክ ያደረጉት ይሄን ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሆኑ።

የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው ከፈረንጅ 1894 ጀምሮ ነው። ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ከዚያ ዘመን የመነጨ ነው፤ ተጠናቆ በደንብ ሥራ የጀመረው ግን ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። ቀጥሎ ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋር አገናኙ፤ ሌሎች መስመሮችም ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ተዘረጉ።

አገልግሎቱ ጥሩ ነበር ወይ ብትሉን፣ አልነበረም። የዘመኑ ተጓዦች የጻፉት ያስቃልም ያሳዝናልም። የእንጨት ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል። ዝሆን ይታከክበትና ይጥለዋል። ዝንጀሮ ሽቦው ላይ ይንጠለጠላል። መንገደኛው ደግሞ ሽቦውን ቆርጦ ለአምባር ያደርገዋል። ኔትወርክ የለም ብላችሁ ስትማረሩ ዝሆኑን አስታውሱ። ምኒልክ ግን በየጊዜው ያስጠግኑታል፣ ያስቀጥሉታል። ታማኝ ደንበኛ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እርግጥ ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። እኛም ብንሆን ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ ያገኘነው በፈረንጅ ጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ነው። ከ1894 ቁጠሩት፣ 128 ዓመት። አማራጭ በሌለበት ደንበኛው ታማኝ ነው ወይስ መሄጃ የለውም የሚለውን ለናንተ ትተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ቴሌግራፍ በዓለም ላይ ከስልክ ቀድሞ የነበረ፣ የተፈተነ፣ የታመነ ነገር ነው። ታዲያ ምኒልክን የያዛቸው ለምን ስልኩ ሆነ? ለኛ የሚታየን እንዲህ ነው። የሞርስ ምልክት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ ሃያ ስድስት ሆሄ፣ ነጥብና ሰረዝ። የኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው። አማርኛን በሞርስ ለመላክ መጀመሪያ አማርኛን የሰው ልብስ ማልበስ ያስፈልጋል። ስልክ ግን ፊደል አይጠይቅም። ማንበብ የማይችለው የጦር አለቃም፣ ዳዊት የደገመው ደብተራም እኩል ያወሩበታል። ዛሬ በየዲዛይን ትምህርት ቤቱ ለተጠቃሚ ምቹ፣ ለሁሉም ተደራሽ የሚባለውን ነገር ምኒልክ በስም አያውቁትም፤ በአፋቸው ግን ሞክረውታል።

ስሙ ራሱ ምስክር ነው። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙ ሽቦ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለውን፣ አንዲት ሽቦ የሌለውን መስታወት፣ አሁንም ሽቦ እያልን እንጠራዋለን።

ፊደላችን በማሽን ላይ እንቢ ያለው በሞርስ ብቻ አልነበረም። ከምኒልክ በኋላ መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ችግሩ ያው ነበር፤ የብረት ቁልፍ ቁጥሩ ውስን ነው፣ ፊደሉ ብዙ። መፍትሔው ሆሄውን ከፍሎ መቀጠል ሆነ፤ ለዓይን ብዙም አልተመቸም። ከዛ ባለ ቁልፍ ሞባይል መጣ፣ አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንቴ መጫን ነበር፣ እናስታውሳለን፤ በላቲን ሰላም የምንባባለው ለዛ ነበር። ተች ስክሪን ነው ነገሩን የፈታው። መስታወት ላይ የተቀረጸ ቁልፍ የለም፤ ሶፍትዌሩ የፈለገውን ፊደል ይስላል። ለ ን ስትነኩ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብቅ ይላሉ። ቴክኖም እዚህ አገር ገበያውን የያዘው ስልኩን እዚሁ ስለገጣጠመና ስለረከሰ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ ቀድሞ ስላስገባም ነው።

ስልኩ ለምኒልክ ምን ጠቀማቸው? ግዛት ለመግዛት ነዋ። በፈረስ ቀናት የሚፈጀው ትእዛዝ በአፍታ ደረሰ፤ ሩቅ ያለ ገዢ ንጉሡ ሩቅ ናቸው ብሎ መዝናናት ቀረበት። በጦር የተያዙት አገሮች ሰዎች ደግሞ ሽቦውን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው፤ ለነሱ የአዲስ አበባ ጆሮ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ደብቀን ሌላውን አንነግራችሁም።

ድምፅ ይወዱ ነበር። በፈረንጅ 1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሸክላ ሳይሆን በሰም ሲሊንደር ቀድተው ላኩላቸው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ሰሙት፣ በምላሹም የየራሳቸውን ድምፅ ቀድተው ላኩ። የንግሥቲቱ ሲሊንደር በራሳቸው ፍላጎት እንዲጠፋ ተደረገ።

የቀረውን በፍጥነት እንለፈው፤ ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። የራሳችን ገንዘብ፣ ቴምብር፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ፣ ከፈረንሳዮች ጋር የተጀመረው ባቡር፣ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች። በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

በዚያው ዓመት ጤናቸው እየከዳቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ጥቅምት 1902 ዓ.ም. ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም በኃይል መታቸው። አካላቸው ሽባ ሆነ። አንደበታቸው ተያዘ።

እዚህ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ፊደል የማይጠይቅ፣ ድምፅ ብቻ የሚበቃውን መሣሪያ አገር የሚያህል ተቃውሞ ችለው ያስገቡት ሰው፣ ድምፁ ሄደ። ሽቦው አለ፣ ጣቢያዎቹ አሉ፣ ሐረር ከዛኛው ጫፍ አለች። ትእዛዙ አሁን የሚወጣው በሌላ ሰው አንደበት ነው፤ መጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ፣ መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እሳቸውን ከሥልጣን ገለል ካደረጉ በኋላ ደግሞ በእንደራሴው በራስ ተሰማ። ንጉሡ አራት ዓመት ሙሉ በሕይወት ኖረው፣ ምን እንደሚያስቡ የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ማንኛውም መሣሪያ በር የሚከፍትለት አለ፣ የሚዘጋበት ደግሞ አለ። ስልክ ላልተማረው ከፍቶ ለመስማት ለተሳነውና ለማይናገረው ዘጋ። ባለ ቁልፍ ሞባይል 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ በጣቱ ዳስሶ ሲደውል የኖረ ዓይነ ስውር፣ ተች ስልክ ሲመጣ ለስላሳ መስታወት ብቻ አገኘ። የመጀመሪያው አይፎን በፈረንጅ 2007 ወጣ፤ ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነበው ቮይስኦቨር የገባለት በ2009 ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ቶክባክ አለ። ያላችሁን ስልክ ሴቲንግ ከፍታችሁ እዩት፣ አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ እንዳለ እንኳን አያውቅም።

እኛ ሰፈር ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸው አንድ አባት አሉ። የልጅ ልጃቸው አሮጌ ስልክ ላይ የውሃ ብርጭቆ፣ የመድኃኒት፣ የመጸዳጃ ቤት፣ የእያንዳንዱን ልጃቸውን ፎቶ በትልቁ ደርድራላቸዋለች። በግራ እጃቸው አመልካች ጣት ይነካሉ። ውሃ ይመጣል። አንዳንዴ ውሃም ሳይጠማቸው አሜሪካ ያለውን ልጃቸውን ፎቶ ይነካሉ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ በምስጢር ተያዘ። ሕዝቡ እምዬ አሉ እያለ ኖረ። እሳቸው ያዘረጉት ሽቦ ከጫፍ ጫፍ ቆሞ፣ የገዛ ባለቤቱን ሞት ግን እንዲናገር አልተፈቀደለትም።

ያ በሰም የተቀዳው የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ ለንደን ውስጥ ተጠብቆ፣ ቅጂው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ጭረቱ ብዙ ነው፣ በኢርፎን ስሙት።