ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቁ ተመራማሪ

በደቡብ ወሎ ዞን ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማና በአጎራባቹ የአምባሰል ወረዳ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። እናቶች በወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ከብት ሲያጠጡ ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ አርሶ አደሩ ወንዝ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ይኸው ሕይወት ሰጪ ውሃ ግን በሽታም ሊያስተላልፍ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አመልክቷል። በከተማዋ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተካሄደው ይህ ጥናት ሐይቅ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበች የአንጀት ቢልሃርዚያ መገኛ መሆኗን አረጋግጧል።

በጥናቱ ከተሳተፉት ባለሙያዎች መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ይገኙበታል። ተቋሙ ስሙን ያገኘው ከመሥራቹና ከመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ከፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሲሆን፣ እርሳቸውም የምርምር ዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል ያዋሉት ይህንኑ በሽታ ለመግታት ነበር።

አክሊሉ ለማ በ1928 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ወቅት በኢትዮጵያ ስለ ጥገኛ ተውሳኮችና ስለሚያስከትሏቸው በሽታዎች የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነበር። የትኛው በሽታ በየትኛው ወንዝና በየትኛው ቆላ እንደሚገኝ በካርታ የተመለከተ የተሟላ መረጃ ባለመኖሩ፣ ወጣቱ ተመራማሪ ሥራቸውን የጀመሩት ወደ ገጠር በመውጣት ነው።

ቢልሃርዚያ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ተውሳኩን በካይሮ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ ይገኛል። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን በመካከለኛ ከፍታ ላይ በሚገኙ ወንዞችና ሐይቆች ዳርቻ በብዛት ይታያል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛንና የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃው ሲሆን በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ወሰን አካባቢ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ተወስኖ ይገኛል። የሁለተኛው ዋነኛ ምልክት ደም የተቀላቀለበት ሽንት ነው። ይህ ምልክት በባክቴሪያ በሚመጣ የሽንት ቧንቧ ሕመምም ሊታይ ስለሚችል ሁለቱን በላቦራቶሪ ምርመራ መለየት ያስፈልጋል፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አያድንምና።

የሁለቱም ተውሳኮች የሕይወት ዑደት በቀንድ አውጣ በኩል ያልፋል። ከበሽተኛው ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ የተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ሰውነት ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን፣ የሚያጥበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የቻለ ዑደቱን ይበጥሰዋል። በዘመኑ ለዚህ ተግባር የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ግን በውጭ ኩባንያዎች የሚመረቱና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ስለነበሩ ለድሃ አገሮች አቅም የሚቀመሱ አልነበሩም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚጠቁመው ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ከተማ ነው። ዕድሜያቸው ገና 30 ዓመት ያልሞላው አክሊሉ በከተማዋ ወንዞች የቀንድ አውጣዎችን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው፣ ከዚያ በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ግን በሕይወት ያሉት በዝተው አስተዋሉ። ወዲያውም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ወደ ላቦራቶሪ ተመልሰው ያደረጉት ሙከራም ያንኑ ውጤት አረጋገጠ።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ጥግና በጫካ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ሳሙና እንዲህ ሳይስፋፋ በፊት የነጠላና የጋቢ ማንጫ የነበረው ደርቆ የተፈጨው ፍሬው ነው። በወሎም ሆነ በትግራይ፣ በጎጃምም ሆነ በሸዋ እናቶች ለልጆቻቸው ያስተላለፉት ይህ ዕውቀት ለዘመናት ከቤት ሙያ አልፎ እንደ ሳይንስ ሀብት አልታየም ነበር። የአክሊሉ ለማ ብልህነት ይህን ለሁሉም ግልጽ የነበረ ተራ ተግባር በጥያቄ ዓይን መመልከታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የመሥራችነቱንና የመሪነቱን ኃላፊነት የተሸከሙት እርሳቸው ነበሩ። ተቋሙ ከቢልሃርዚያ በተጨማሪ በተለምዶ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያስከትለውን ሌሽማኒያሲስንና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን ማጥናት ጀመረ። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በተደረገው ትብብር ደግሞ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከእንዶድ ፍሬ ተለይቶ ወጣ፤ ለተመራማሪው ክብርም ለማቶክሲን የሚል ስያሜ ተሰጠው።

የግኝቱ ዋነኛ ፈተና በመስክ የተካሄደው ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ ተፈጭቶ በወንዞቹ ውስጥ ተጨመረ። በአምስት ዓመቱ መጨረሻ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ። ሙከራው ሲካሄድ በተወለዱና ገና በሕፃንነት ዕድሜ ላይ በነበሩ ልጆች ላይ የታየው ለውጥ ከዚህም የላቀ ሲሆን፣ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር መቀነሱን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ይህ የሕፃናቱ ውጤት ነው።

ያም ሆኖ ግኝቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በኢትዮጵያ የተደረጉት የደኅንነት ምርመራዎች ዓለም አቀፉን መስፈርት በሚያሟሉ ላቦራቶሪዎች እንደገና እንዲሠሩ ተጠየቀ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ እስኪገኝ ድረስ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት በመገኘቱ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣን ከማጥፋት ወደ በሽተኛው ሕክምና ዞረ። ፕሮፌሰር አክሊሉ መዘግየቱ ከእንዶድ ድክመት ይልቅ በአፍሪካ ሳይንቲስቶችና በአፍሪካ ላቦራቶሪዎች ላይ ካለው እምነት ማጣት የመነጨ መሆኑን በጽሑፎቻቸውና በንግግሮቻቸው ሲያስረዱ ኖረዋል። ጥርጣሬው ግን ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ዓሣንም የሚጎዳ በመሆኑ ዓሣ በሚሰገርበት ውሃ መጠቀም ጥንቃቄን ይጠይቃል። የሐይቅ ሐይቅን ለመሰለ የብዙ ዓሣ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ለሆነ ውሃ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ነው።

የእንዶድ ምርምር የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚበቅሉትን የእንዶድ ዓይነቶች ሰብስበው በማወዳደር፣ ከፍተኛ ኃይልና ምርት ያለውን ዓይነት 44 መርጠዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ ቀጥሎም በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በጣሊያን ፍሎረንስ ባለው የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ባልደረቦቻቸው ጋር በሠሩት ጥናት፣ እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ የነበረውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ መግደል እንደሚችል ታወቀ። የፈጠራ መብቱ በዩኒቨርሲቲው ስም መመዝገቡ ግን ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የኢትዮጵያ ሕዝብ ድርሻ ምንድን ነው የሚል ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሳ። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምንና የማኅበረሰብ ዕውቀትንና መብትን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 ስታወጣ ምላሽ የሰጠችው ይህን ለመሰለው ጥያቄ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋምም በስማቸው ተሰየመ።

በሐይቅ ከተማ የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው እርሳቸው የጀመሩት ሥራ ገና አልተጠናቀቀም። መድኃኒት በትምህርት ቤቶች መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ታክሞ የዳነ ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። የመጸዳጃ ቤት ግንባታ፣ የንጹሕ ውሃ አቅርቦት፣ ወንዝ ሳይገቡ ልብስ ማጠብ የሚያስችል ሥፍራና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር ከሕክምናው ጋር ተቀናጅተው መሄድ ይኖርባቸዋል። ይህም የጤና፣ የውሃ፣ የትምህርትና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ዕቅድ እንዲገናኙ ያስገድዳል። የአድዋው ሙከራ የሰመረው ተመራማሪው፣ አስተዳደሩና ነዋሪው ለአንድ ዓላማ ለአምስት ዓመታት ሳይቋረጡ በመሥራታቸው ነበር።