ብረት ያልነበረው ፍላጻ



ኢቃማ ተብሎ ኢማሙ ወደ እኛ ሲዞርና ሶፋችንን እንድናቀና ሲያሳስበን፣ እግራችንን አየት አድርገን ተረከዛችንን እናስተካክላለን። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሃቦችን ሶፍ የፍላጻ ዘንግ የሚቃናበት እስኪመስል ድረስ ያቀኑት ነበር። የፍላጻ ዘንግ ሲቃና አይተን ስለማናውቅ ምሳሌውን ሰምተን እናልፈዋለን። በዚያ ሶፍ ውስጥ ግን ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ይቆም ነበር፤ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ)።

ሰዕድ የመካ ሰው ነው፤ ከቁረይሽ፣ ከበኑ ዙህራ ጎሳ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚናም የዚያው ጎሳ ልጅ ስለነበሩ ነቢዩ ሰዕድን አጎቴ ይሉት ነበር። ኢብኑ ቁተይባ የታላላቅ ሰዎችን ሙያ ሲዘረዝሩ፣ ሰዕድ ፍላጻ ይጠርብ እንደነበር ያነሳሉ።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዐረቦች ለቀስት ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነብዕ የሚባለውን የተራራ ዛፍ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ ፍላጻ ይሠራል። የቋንቋው ሊቃውንት እንደሚሉት በተራራው አናት የበቀለው ነብዕ ሲባል፣ ያው ዛፍ ዝቅ ብሎ ሲበቅል ሺርያንና ሸውሐጥ ይባላል። ጠራቢው የእንጨቱ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለበት ቅርንጫፍ ይመርጣል። ጉጥ ያለበት ዘንግ እዚያው ጉጡ ላይ ይሰበራል፤ ቀስቱ ላይ እያለ ከተሰበረ ደግሞ የሚወጋው የወርዋሪውን እጅ ነው። እንጨቱ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ከዚያ ይላጋል፤ የጎበጠው በእሳት ሙቀት እየለዘበ ይቃናል፤ ጠራቢው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ያየዋል፣ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክረዋል፣ እንደገና ያየዋል።

ቀጥ ማለት ብቻውን አይበቃም። ዘንጉ ከአውታሩ ሲለቀቅ ለቅጽበት ይጎብጥና ቀስቱን ዞሮ ያልፋል። ለቀስቱ ጉልበት ከሚገባው በላይ ከለዘበ ወይም ከደረቀ ወደ ጎን ይስታል። ስለዚህ ለአንድ ቀስት የሚዘጋጁ ፍላጻዎች በክብደትም በጥንካሬም መመሳሰል አለባቸው። ላባና ብረት ያልገባለት ባዶ ዘንግ በዐረብኛ ቂድሕ ይባላል። በኑዕማን ሐዲስ ውስጥ ያለውም ቃል ይኸው ነው።

ሰዕድ የሰለመው በ17 ዓመቱ ገደማ ነው። እናቱ ሃይማኖቱን ካልተወ እህል ውሃ እንደማትቀምስ ምላ ራሷን አስራበች። ወላጅን በመልካም ስለመኗኗር፣ በአላህ ላይ እንዲያጋራ ካስገደዱት ግን ስላለመታዘዝ የሚናገረው የቁርኣን አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ከሂጅራ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ዑበይዳ ኢብኑል ሓሪስ (ረ.ዐ) ወደ ራቢግ በመሩት ዘመቻ ላይ ሰዕድ በአላህ መንገድ የመጀመሪያውን ፍላጻ ወረወረ። በበድር ታናሽ ወንድሙ ዑመይር ሸሂድ ሆነ።

ከዚያ ኡሑድ መጣ። ሰዉ ተበታትኖ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የከበቧቸው ጥቂቶች በሆኑበት ሰዓት፣ ነቢዩ የፍላጻ ኮሮጇቸውን ዘርግፈው ሰጡት፤ እናትና አባታቸውን ቤዛ እያደረጉለትም እንዲወረውር አዘዙት። በዚህ መካከል በሙስሊሞች ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰ አንድ ሙሽሪክ ነበር። ሰዕድ አንድ ፍላጻ መዘዘ፤ ፍላጻው ብረት አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ አነጣጥሮ ለቀቀው፤ የሰውዬውን ጎን መታው፤ ሰውዬውም ወደቀ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ይህም በሙስሊም የተዘገበ ነው።

እኔ ይህን ዘገባ ባነበብኩ ቁጥር እቆምበታለሁ። ብረት የሌለው ፍላጻ ከፊት ክብደት ስለሌለው አቅጣጫውን ለመያዝ ይቸገራል። የዘንግን ጠባይ የማያውቅ ሰው ጥሎት ሌላ የሚፈልግ ይመስለኛል። በአንድ ፍላጻ ሦስት ሰዎች ጀነት እንደሚገቡ የሚያወሳውን የአቡ ዳዉድና የቲርሚዚ ሐዲስም አስታውሱ፤ በመልካም ኒያ የሠራው፣ ያቀበለውና የወረወረው። በኡሑድ ወርዋሪው የፍላጻ ጠራቢ ልጅነት እጅ የነበረው ሰዕድ ነው፤ አቀባዩ ደግሞ ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ።

በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ሰዕድ በቃዲሲያ ጦሩን መራ። ፈረስ ላይ መቀመጥ እስኪያቅተው ታምሞ ስለነበር በሆዱ ተኝቶ ከሕንፃ አናት ላይ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። መዳኢንን ከፈተ፣ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ኩፋን ቆረቆረ። የኩፋ ሰዎች ግን ከሰሱት፤ ከክሱ አንዱ ሰላት አያሳምርም የሚል ነበር። ሶፍን እንደ ፍላጻ ዘንግ ካቀኑት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ የሰገደ ሰው በሰላቱ ተከሰሰ! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረክዓዎች እንደሚያስረዝም፣ የኋለኞቹን እንደሚያሳጥር፣ ከነቢዩ ሰላትም ምንም እንዳላጓደለ ለዑመር አስረዳ። አጣሪዎች መስጂድ ለመስጂድ ዞረው ሲጠይቁ የበኑ ዐብስ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ሁሉም አመሰገነው። ዑመር ከሥልጣን ቢያነሱትም፣ ሊሞቱ ሲሉ ያነሱት በድካሙ ወይም በክህደቱ እንዳልሆነ ተናግረው ኸሊፋ ከሚመርጡት ስድስት ሰዎች አንዱ አደረጉት።

ዑስማን (ረ.ዐ) ተገድለው ሙስሊሞች እርስ በርስ ሰይፍ ሲማዘዙ ሰዕድ ከማንም ወገን አልቆመም። ሙእሚንን ከካፊር ለይቶ የሚያውቅ፣ ዐይንና ምላስ ያለው ሰይፍ ካላመጡለት እንደማይዋጋ ነገራቸው። ግመሎቹን ይዞ ከሰው ራቀ። ልጁ ዑመር ሰዎች በሥልጣን ሲፎካከሩ አንተ እዚህ ተቀመጥህ ብሎ ሊወቅሰው ቢመጣ፣ ደረቱን መትቶ ዝም አሰኘው፤ አላህ ፈሪሃ ያለውን፣ የተብቃቃውንና የተደበቀውን ባሪያ እንደሚወድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማቱን ነገረው።

ሰዕድ ያረፈው ከመዲና ወጣ ብላ ባለችው በዐቂቅ ነው፤ ብዙዎች እንደሚሉት በ55 ዓመተ ሂጅራ። በጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ መጨረሻ የሞተው እሱ ነው። በሰዎች ትከሻ ወደ መዲና ተወስዶ በበቂዕ ተቀበረ። የተከፈነውም ራሱ እንደተናዘዘው በበድር ቀን ለብሷት በነበረች፣ ለዚሁ ቀን ደብቆ ባቆያት አሮጌ የሱፍ ጁባ ነው።