የገበሬው ልጅ ሄንሪ ፎርድና ከእርሻ የሚገኘው ነዳጅ

በአዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የደለቡ በሬዎች ገበያ የነበረ ሰፈር ነው። ዛሬ ሰንጋው ሄዶ ባንክና መኪና ሞልቶታል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በመዲናዋ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ መቀላቀል ሲጀምር፣ በዚያ የሚያልፉ ብዙ ባለ ቤንዚን መኪኖች ከሸንኮራ አገዳ የወጣ ነዳጅ የተቀላቀለበት ቤንዚን ማቃጠል ጀመሩ። መኪና በእርሻ ውጤት እንዲሄድ ከረጅም ዘመን በፊት አጥብቀው ከተመኙት ሰዎች አንዱ የገበሬ ልጅ ነበር።

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1863 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻን ልፋት ሳይወደው አደገና በ16 ዓመቱ ዲትሮይት ከተማ ገብቶ የማሽን ሥራ ተማረ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በርካሽ መኪናው ይሁን እንጂ ዕድሉን የከፈተለት እሽቅድምድም ነው። በ1901 ራሱ በሠራት መኪና ስመ ጥሩውን አሌክሳንደር ዊንተንን ቀደመው፤ በዚህ ድል ገንዘብ የሚያዋጡለት ሰዎች መጡ። ፎርድ ሞተር ኩባንያን በ1903 አቋቋመ። በጃንዋሪ 1904 ውኃው በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። የዚያን ጊዜ መኪና ምን ዓይነት ፍሬን እንደነበረው ለሚያውቅ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1908 ያወጣው ሞዴል ቲ እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመረተ። ይህ መኪና ከቤንዚን ሌላ በላምባም በአልኮልም መሄድ ይችል ነበር።

እሽቅድምድም ወዳዶች አልኮልን የሚፈልጉበት ምክንያት አለ። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው አይፈነዳም፤ ሲተንም የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሞተሩ ነዳጁን ይበልጥ ጨምቆ የበለጠ ጉልበት ማውጣት ይችላል። ሆኖም አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ኃይል አለው፤ ውኃም ይስባል፤ ድብልቁ ሲበዛ የቆዩ መኪናዎችን የጎማ ቱቦ ይጎዳል። ፈጣን መኪና ያለው ሰው ኢታኖል የበዛበት ነዳጅ ከመሙላቱ በፊት የነዳጅ መርጫውን ማስለወጥ ሊኖርበት ይችላል።

ፎርድ በ1925 የወደፊቱ ነዳጅ ከፍራፍሬ፣ ከአረምና ከሰጋቱራ እንደሚወጣ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ነገር ግን የጄኔራል ሞተርስ ባለሙያዎች በ1921 ያገኙት የእርሳስ ውሕድ፣ ጥቂቱ ብቻ ቤንዚን ውስጥ ተጨምሮ ያለ ጊዜው መፈንዳቱን ያስቀር ስለነበር ገበያውን ያዘ። መርዛማው እርሳስ ከመላው ዓለም የመኪና ቤንዚን የወጣው ገና በ2021 ነው። እስከ 1933 የቆየው የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላም አልኮል ማውጣትን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር።

እኛ የማኅበር ሰዎች የማንዘለው አንድ ነገር አለ። የፎርድ ጋዜጣ፣ ገበሬዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ያደራጅ የነበረውን አይሁዳዊ ጠበቃ አሮን ሳፒሮን፣ በዘር ጥላቻ በተሞሉ ጽሑፎች ያጠቃው ነበር። ሳፒሮ ፎርድን ከሰሰው። ፎርድም በ1927 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጋዜጣውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ለገበሬው ምርት ገበያ ይመኝ የነበረ ሰው፣ ገበሬው ተደራጅቶ ሲሸጥ ማየትን አልወደደም።

ፎርድ በኤፕሪል 7 ቀን 1947 በ83 ዓመቱ አረፈ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ የኢንዲያናፖሊስ ተወዳዳሪ መኪናዎች ከሞላ ጎደል በንጹሕ ኢታኖል ሮጡ።

በፎርድ ሐሳብ ለነዳጅ የሚሆነውን ምርት የሚሸጠው ገበሬው ነበር። በእኛ አገር ኢታኖሉ የሚወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰሱም የፋብሪካው ነው። እንደ ወንጂ ባሉ አካባቢዎች አገዳ አብቃዩ የሚከፈለው ባስረከበው አገዳ ነው። ያንኑ ሞላሰስ ደግሞ ሰንጋ የሚያደልበው ገበሬ ለመኖ ይፈልገዋል።